የታሰሩ አንበሶችና የተረሳ ቍልፍ

ፍርሃትን ከልብ የሚያወጣው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ በዘመናችን የሚበዛው ሰው በራስ መታመን ነው ብሎ ይመልሳል። መልሱ እውነት መስሎ ይታያል፤ ፈሪ ራሱን የናቀ፣ ደፋርም ራሱን ያመነ ይመስለናልና። ነገር ግን በባሕር ላይ ማዕበሉን አይቶ የፈራውና በጸሎተ ሐሙስ ማታ ሌላው ሁሉ ቢክድ እኔ አልክድም ብሎ የተመካው ያው አንዱ ጴጥሮስ ነው። ያ የተመካውም ሰው ዶሮ ሳይጮኽ በአንዲት ገረድ ፊት ፈራ። እንግዲህ ፍርሃትና ትምክሕት ባላጋሮች መስለው ይታያሉ እንጂ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ከጌታ አንሥተው ወደ ራሳቸው ይመለከታሉና።

ይህን ነገር በምሳሌ ከጻፉት ደራስያን አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ቡንያን ነው። እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1628 ዓ.ም. ቤድፎርድ በምትባል ከተማ አጠገብ ተወልዶ፣ እንደ አባቱ የብረት ዕቃ እየጠገነ የሚኖር ድኻ ሰው ነበረ። ያለ ፈቃድ ሰብከሃል ተብሎ ከ1660 ዓ.ም. ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ዓመት ታሰረ። ስለ ክርስቲያን መንገድ የደረሰው መጽሐፍ መጀመሪያው ክፍል በ1678፣ ሁለተኛው በ1684 ዓ.ም. ታተመ። ወደ አማርኛም ተመልሶ በ1892 ዓ.ም. በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በውጭ አገር ታትሟል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በእኛ አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. ባሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» በተባለው ድርሰትም ሊቃውንት የቡንያንን ፈለግ ያዩበታል። ደራሲው የእኛን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማረ አይደለም፤ ቢሆንም የሚጠቅመውን ለይቶ መውሰድ የአባቶች ልማድ ነውና ስለ ፍርሃት የጻፈውን እንመርምር። የሰዎቹን ስም በትርጓሜው እጠራለሁ።

ክርስቲያን የሚባለው መንገደኛ አቀበቱን ወጥቶ ሳለ ድንጉጥና ተጠራጣሪ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እየሮጡ ወደ ኋላ ሲመለሱ አገኘ። በፊታችን አንበሶች አሉ አሉት። እርሱ ግን መንገዱን አልተወም፤ በመሸም ጊዜ አንበሶቹን በጠባቡ መንገድ ላይ አያቸው። የታሰሩበትን ሰንሰለት ግን አላየም። ሊመለስም ባሰበ ጊዜ ትጉህ የሚባለው በረኛ ከወዲያ ሆኖ አንበሶቹ እንደ ታሰሩ ነገረው፤ የመንገዱንም መካከል ይዞ እንዲያልፍ አዘዘው። ክርስቲያንም እየተንቀጠቀጠ አለፈ፤ አንበሶቹም አገሡ፣ ነገር ግን አልነኩትም።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውል። በረኛው አንተ ብርቱ ነህ አላለውም፤ እነርሱ ታስረዋል አለው እንጂ። ሁለተኛም ክርስቲያን ያለፈው መንቀጥቀጡ ከተወው በኋላ አይደለም፤ እየተንቀጠቀጠ ነው። እምነት ማለት ጕልበት እስኪጸና ድረስ መቆየት ቢሆን ኖሮ ብዙዎቻችን ከደጅ በቀረን ነበር።

እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ የቅኔ ተማሪነቴ ትዝ አለኝ። ደበሎ ለብሼ፣ ኮሮጆዬን አንግቤ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ በሰው ደጅ ስቆም ውሻው ይጮኽብኛል። ባለቤቲቱም ከውስጥ ሆና «ግባ ልጄ፣ ታስሯል» ትለኛለች። በመሸ ጊዜ ገመዱ አይታይም፤ ያለኝ የእርስዋ ቃል ብቻ ነው። ቃሏን አምኜ በገባሁበት ቀን ሁሉ ቍራሼን ይዤ በደኅና ተመልሻለሁ። አንድ ቀን ግን ዱላዬን ተማምኜ ልመታው ብጠጋ የገመዱን ርዝመት አላወቅሁምና ነከሰኝ። የነከሰኝ በፈራሁ ቀን ሳይሆን በራሴ በታመንሁ ቀን ነው።

ቡንያንም ይህንኑ በሌላ ስፍራ ያሳያል። ክርስቲያንና ተስፈኛ የሚባለው ባልንጀራው መንገዱ ቢሻክራቸው ወደ ለስላሳው መስክ ወጡ። በዚያም ከንቱ ትምክሕት የሚባል ሰው መንገዱን ዐውቀዋለሁ ብሎ በፊታቸው ሲሄድ ሌሊቱ ጨለመና ከጥልቅ ጕድጓድ ወደቀ። እነርሱም ተስፋ መቍረጥ በሚባል ግዙፍ ሰው እጅ ገቡ፤ በጥርጥር ግንብም ከረቡዕ ጧት እስከ ቅዳሜ ማታ ያለ እህልና ውኃ ታሰሩ። እነሆ፣ ትምክሕት በመራቸው መንገድ ሄደው ያገኙት ተስፋ መቍረጥን ነው። ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ግን መጸለይ ጀመሩ፤ ሊነጋ ሲልም ክርስቲያን በብብቱ ቍልፍ እንዳለ ትዝ አለው። የቍልፉም ስም የተስፋ ቃል ነው። በሩ ሁሉ በእርሱ ተከፈተ፤ የመጨረሻው የብረት በር ግን እጅግ አስቸግሮ ተከፈተ።

በእግዚአብሔር መታመን ለሰነፎች መሸሸጊያ ነው የሚል ቢኖር ይህን በር ይመልከት። ቍልፉ የተሰጠ ነው፤ የሚያዞረው እጅ ግን የእስረኛው ነው። ሃይማኖት እጅን አያስርም፤ እጅ የማን ኃይል እንደ ያዘ ያሳውቃል እንጂ።

በቅኔ ሚዛን ስንመዝነው የቡንያን ሰም ስስ ነው። ፈሪውን ፈሪ፣ ትምክሕተኛውን ትምክሕት እያለ ስለ ሰየመ ወርቁ ሳይፈለግ ይገኛል፤ ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው በዚህ አይጠግብም። ነገር ግን አንበሶቹ ምን እንደ ሆኑ አልተረጐመም፤ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን አንበሳ እንዲያውቅ ተወለት። እስረኞቹም ከቅዳሜ ሌሊት በኋላ ሊነጋ ሲል ሲወጡ፣ ያ ጎሕ የማን ትንሣኤ ጎሕ እንደ ሆነ ደራሲው ሳይናገር እናውቀዋለን። በእነዚህ ስፍራዎች ሰምና ወርቁ ተስማምቷል።

የሚበልጠው ጕድለት ግን የትምህርት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ክርስቲያን ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ይሮጣል። ቤተ ክርስቲያንን የምትመስለውም ቤት ዐርፎባት የሚያልፋት ማረፊያ ናት። በእኛ ትምህርት ቤተ ክርስቲያን መርከብ ናት፤ ተሳፋሪው ወደቡ ሳይደርስ አይወርድም። የንስሐ አባትና የቅዱሳን ምልጃም በዚህ መንገድ አይታዩም። በራሱ እንዳይታመን የተመከረውን ሰው ብቻውን ማስኬድ ምክሩን ማፍረስ ነው። ደራሲውም ይህን ጥቂት ያረመው በሁለተኛው ክፍል ነው፤ እዚያ ሴቲቱና ልጆቿ ልበ ሙሉ የሚባል መሪ ተሰጥቷቸው በማኅበር ይሄዳሉና።

በዚያው ክፍል እኔ ከሁሉ የምወድደው ፈሪው ሰው ይገኛል። እርሱ በመንገዱ መጀመሪያ በረግረጉ ዳር ከአንድ ወር በላይ ተኝቶ ነበር፤ በየደጁም ለማንኳኳት ያፍራል። አንበሶቹን ግን አልፈራም፤ የሚፈራው በመጨረሻ ተቀባይነት አጣለሁ ብሎ ነው። ብዙዎች የሚሰጥሙበት የሞት ወንዝ እርሱ በደረሰ ጊዜ ከቀድሞው ሁሉ ይልቅ ጐደለ፤ እግሩ ብቻ ረጥቦ ተሻገረ። በመልካም ልቡ የታመነው አላዋቂ ግን በሰማዩ ደጅ ደርሶ ተመለሰ።

ልጆቻችንን «አይዞህ፣ አንተ ትችላለህ» እያልን ስናሳድግ ይህን እናስብ። የማይችልበት ቀን ይመጣልና በዚያን ቀን ምን ይጨብጥ? «አይዞህ፣ የማይተውህ አለ» ብለን ብናስተምረው ግን ሲንቀጠቀጥም የመንገዱን መካከል ይዞ ያልፋል። ለእኛም የረሳነውን ቍልፍ የምናስብበትን ልቡና፣ በጸሎትም የምንተጋበትን ጽናት ቸሩ አምላካችን ያድለን፤ አሜን።