የአእምሯዊ ንብረትና የኮምፒዩተር ሕግ ስያሜዎች ከድኅረ ምረቃ ትምህርት አኳያ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የአእምሯዊ ንብረትንና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን ሕግ በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚያጠና ተማሪ የሚያነበውም ሆነ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው በዚሁ ቋንቋ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት ሲቆም ግን የሚከራከረው በአማርኛ ነው። ከዚህም በላይ በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3 በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ልዩነት ሲኖር የአማርኛው የበላይነት እንዲኖረው ደንግጓል። እንግዲህ የአማርኛው ስያሜ ራሱ ሕግ ስለሆነ፣ ስያሜው በደበዘዘ ቁጥር መብቱም ይደበዝዛል። ከዚህ አኳያ ሦስት ስያሜዎችን እንመዝናለን።

ሀ/ «ፈጠራ»። ይህ ቃል የተሸከመው ፍቺ ብዙ ነው። «የፈጠራ ድርሰት» ስንል ልብ ወለድን፣ «የፈጠራ ክስ» ስንል ሐሰተኛ ክስን፣ «የፈጠራ ሰው» ስንል ደግሞ አዲስ መሣሪያ ወይም ዘዴ ያወጣውን እናመለክታለን። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ቃሉን ለመጨረሻው ወስኖታል፤ ይኸውም በቴክኖሎጂ መስክ አንድን የተለየ ችግር በተግባር ለመፍታት ለሚያስችል ሐሳብ ነው። አዋጁ ግኝትን፣ የሒሳብ ዘዴንና የኮምፒዩተር ፕሮግራምን በፓተንት ከሚጠበቁት ውስጥ አላስገባም። ፕሮግራም ጥበቃ የሚያገኘው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ነው። ስለዚህ ፕሮግራም የሠራ ወጣት «የፈጠራ ባለቤት» ሲባል ስያሜው ወደማያስተናግደው አዋጅ ይመራዋል። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ፓተንት በመጀመሪያ የሚሰጠው ለ15 ዓመት ሲሆን ሊራዘም የሚችለው ለ5 ዓመት ነው፤ የቅጅ መብት ግን በመሠረቱ ባለሥራው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ፓተንት መፍትሔውን ሲጠብቅ፣ የቅጅ መብት የሚጠብቀው የሐሳቡን አገላለጽ ብቻ ነው። በእኛ በኩል «ፈጠራ» ለፓተንት ሕግ ቢተው፣ በሌላው ወገን ላለው ደግሞ «የአእምሮ ሥራ» ቢባል ይሻላል እንላለን።

ለ/ «ቅጅ»። ቃሉ «ቀዳ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው። ውሃ ከምንጭ፣ ጠላ ከጋን፣ ድምፅ በቴፕ ይቀዳል፤ በሁሉም ዘንድ ቅጂው ከሌላ የተወሰደ ነው። መብቱ ግን የምንጩ ባለቤት ነው። ስያሜው እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ተከትሏል፤ ፈረንሳዮች ይህንኑ መብት በደራሲው ስም ይጠሩታል። ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ባረቀቀው፣ በ1952 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ጉዳዩ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 የተደነገገው የድርሰትና የኪነ ጥበብ ባለቤትነት በሚል ሐሳብ ነበር። ጉድለቱ ይበልጥ የሚታየው «የሞራል መብት» ላይ ስንደርስ ነው፤ አንድ ሰው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠራለት የመጠየቅ መብቱ ከመቅዳት ጋር ምን ያገናኘዋል? «የደራሲ መብት» ብንል ደግሞ ሠዓሊውንና ፕሮግራም ጸሐፊውን እናስቀራለን። አዋጁ «የሥራ አመንጪ» የሚል ጥሩ ስያሜ ስላለው፣ «የአመንጪ መብት» ቢባል ሁሉንም ያቅፍ ነበር።

ሐ/ «መረጃ» እና «ዳታ»። «መረጃ» በ2000 ዓ.ም. በወጣው የመረጃ ነፃነት አዋጅ ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊጠይቀው የሚችለው ነገር ነው፤ በደኅንነት ሥራ ደግሞ ከስለላ ጋር ይዛመዳል፤ በፍርድ ቤት የሥር ወንድሙ «ማስረጃ» ይጠብቀዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 እና በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 «ዳታ»ን መርጠዋል። ባዕድ ቃል በመግባቱ የሚያዝኑ ይኖራሉ፤ እኛ ግን ምርጫውን እንደግፋለን። «መረጃ» ከ«ተረዳ» ጋር ስለሚዛመድ የተረዳ ሰው መኖሩን ያሳስባል፤ በመኪናው ውስጥ የተከማቸው ምልክት ግን ገና ማንም ያልተረዳው ሊሆን ይችላል። የምንነቅፈው ተርጓሚዎች ይህንኑ ነገር አንዴ «የግል መረጃ»፣ አንዴ «የግል ዳታ» እያሉ መቀላቀላቸውን ነው።

መፍትሔው ከትምህርት ቤቱ ሊጀምር ይችላል። በዚህ የሕግ ዘርፍ የሚቀርብ የድኅረ ምረቃ ጽሑፍ ሁሉ የተጠቀመባቸውን ስያሜዎች አማርኛ አቻ፣ ከአዋጁ ቁጥርና ከአንቀጹ ጋር፣ በአባሪነት ቢያያይዝ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለመዝገበ ቃላት የሚበቃ ጥሬ ሀብት ይከማቻል። የቋንቋ ባለሙያውና የሕግ ባለሙያውም አዋጅ ከታተመ በኋላ ከመወቃቀስ ይልቅ በረቂቁ ላይ አብረው ሊሠሩ ይችላሉ።