ፕሪንተሩ ከመነካቱ በፊት

ቤት ድረስ ተጠርቼ ከማያቸው «አላትም» ያሉ የዋይፋይ ፕሪንተሮች አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። ቀለም አላቸው፣ ወረቀት አልተቀረቀረባቸውም፣ መብራታቸው በርቷል። ትናንት ሲያትም የነበረው ዛሬ እምቢ ያለው በእሱና በላፕቶፑ መካከል ያለው መንገድ ስለተቀየረ ነው። የእኔም ሥራ በአብዛኛው መንገዱ የት ላይ እንደተቋረጠ መፈለግ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከእጅ በፊት ጆሮ ይቀድማል።

ስለዚህ እንደገባሁ ምንም አልነካም፤ እጠይቃለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያተመው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ? ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ምንም» ነው። ትንሽ ጊዜ ከተሰጠው ግን ያስታውሳል። መብራት ሄዶ ነበር፤ ልጁ የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሯል፤ አዲስ ራውተር ተተክሏል፤ መሥሪያ ቤቱ ላፕቶፑ ላይ ቪፒኤን ጭኖለታል። እያንዳንዱ መልስ ወደተለየ ቦታ ይመራኛል። ፓስወርዱ ከተቀየረ ፕሪንተሩ የድሮውን ይዞ ውጭ ቀርቷል። ቪፒኤኑ በርቶ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑ የሚልከውን ሁሉ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሊያዞረው ስለሚችል አጠገቡ ያለውን ፕሪንተር ላያገኘው ይችላል። ያን ጊዜ ቪፒኤኑን ለአፍታ አጥፍቶ መሞከር ብቻ ይበቃል።

ቀጥሎ ፕሪንተሩን ራሱን አናግረዋለሁ። አብዛኞቹ ሞዴሎች የኔትወርክ መረጃቸውን የያዘ ገጽ ያለ ኮምፒውተር ማተም ይችላሉ፤ አንዳንዱ ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ፣ ስክሪን ያለው ደግሞ ከሴቲንጉ ውስጥ። ይህች ገጽ ጥርት ብላ ከወጣች የጥያቄው ግማሽ አለቀ፤ ቀለሙ ይወርዳል፣ ወረቀቱ ይሳባል፣ ሞተሩ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ስለ ማሽኑ አካል ማሰብ አቆማለሁ። የቀረው ግማሽ ደግሞ ገጿ ላይ ተጽፏል። የተገናኘበት ዋይፋይ ስም፣ የሲግናሉ ጥንካሬ፣ አይፒ አድራሻው። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠውም፤ ፕሪንተሩ ራሱ ፈጥሮ የያዘው ነው። 0.0.0.0 ከሆነ ጭራሽ አልተገናኘም። ቀለምና ካርትሪጅ ሲያስቀይሩ ከርመው የሚጠሩኝን ሰዎች ሳይ የሚያሳዝነኝ ይህቺ አንዲት ገጽ ገንዘባቸውን ታድንላቸው እንደነበር ነው።

በቅርቡ ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ሰነድ የሚተረጉሙ ሰው ዘንድ ሄጄ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሳያረጅ አልቀረም። አዲስ ልግዛ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አይቸኩሉ። ሰሞኑን መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ማክሰኞ ማታ ሄዶ ሲነጋጋ ነው የመጣው።»

ገጿን አወጣኋት፤ አድራሻው 192.168.1.7 ይላል። ላፕቶፓቸው ላይ የፕሪንተሩን ፖርት፣ ማለትም ሰነድ የሚላክበትን አድራሻ የያዘውን ሴቲንግ፣ ስከፍት የተመዘገበው 192.168.1.4 ነው። ወደዚያኛው ፒንግ ሳደርግ፣ ማለትም «አለህ?» ብዬ ስጠራው፣ መልስ መጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ መልስ ስለመጣ ኔትወርኩ ደህና ነው ብሎ ወደ ድራይቨሩ ይሄዳል። የራውተሩን ዝርዝር ስናይ ግን 192.168.1.4ን ይዞ የሚመልሰው የልጅ ልጃቸው ስልክ ነበር። ላፕቶፑ ትርጉሙን ሲልክ የከረመው ወደ ስልኩ ነው፤ ተከራዩ ለቅቆ ሌላ ሰው የገባበትን ቤት በድሮው ስም እንደማንኳኳት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቤት ራውተር ለየዕቃው አድራሻ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ በውሰት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳል፤ ብዙ ራውተር ደግሞ ማን የትኛውን ይዞ እንደነበር አያስታውስም። ቀድሞ የጠየቀ ቀድሞ ይወስዳል። ስልኩ ቀደመ፣ ፕሪንተሩ ዘገየ፣ አለቀ።

ፖርቱን ከማስተካከሌ በፊት ግን የሕትመት ወረፋውን ከፈትኩ። እንደጠረጠርኩት አንዱ ሰነድ ተደጋግሞ ተደርድሯል፤ እንዲሁ ብተወው መንገዱ በተከፈተ ሰዓት ሁሉም ተግተልትሎ ወጥቶ ወረቀቱን ይጨርሰው ነበር። ወረፋው አልጠፋ ሲል ዊንዶውስ ላይ ፕሪንት ስፑለር የሚባለውን ሰርቪስ ማቆም፣ ሲስተም 32 ውስጥ ስፑል፣ ከዚያም ፕሪንተርስ የሚለው ፎልደር ውስጥ የተከማቸውን ማጽዳት፣ ሰርቪሱን መልሶ ማስነሳት ነው። ከዚያ ፖርቱን አስተካከልኩ፤ ራውተሩም ላይ 192.168.1.7 ለፕሪንተሩ ብቻ እንዲያዝ አደረግሁ። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ካልተሠራ በሚቀጥለው የመብራት መቋረጥ እዚያው መመለስ ነው።

ሰውን በከንቱ የሚያደክመው «ኦፍላይን» የሚለው መልእክት ነው። ኮምፒውተሩ ጠርቶ መልስ አጣሁ ከማለት በቀር ምንም አይናገርም፤ ፓስወርድ ይሁን አድራሻ፣ ራውተር ይሁን መብራት አይለይም። አንዳንዴ እንዲያውም ፕሪንተሩ እያተመ «ኦፍላይን» ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ በፖርቱ ሴቲንግ ውስጥ ኤስኤንኤምፒ ስታተስ የሚለውን ምልክት ማንሳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ይህ ቁጭት የእኔ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ፕሮግራመሩ ሪቻርድ ስቶልማን በኤምአይቲ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ላብራቶሪ ሲሠራ፣ ወረቀት ሲቀረቀር እየጠበቁ ላሉት ሰዎች መልእክት እንዲደርሳቸው፣ ቀድሞ የነበረውን ፕሪንተር ሶፍትዌር አሻሽሎት ነበር። አዲስ የዜሮክስ ሌዘር ፕሪንተር ሲመጣ ግን ምንጭ ኮዱን ስለተከለከለ ያንን መድገም አልቻለም። ወደ ነፃ ሶፍትዌር ትግል ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ጥያቄው ዛሬም ትክክል ነው፤ ማሽን ሲቸገር የቸገረውን ይናገር።

የሙያ ጓደኞቼን የምሟገትበት አንድ ነገር አለ። ገና እንደገቡ ፕሪንተሩን ከላፕቶፑ አጥፍተው፣ ማሽኑን ሪሴት አድርገው፣ ሁሉን እንደ አዲስ ይጭናሉ። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ አልክድም። ግን ሪሴቱ የድሮውን አድራሻም የዋይፋዩን ስምም አብሮ ስለሚያጠፋው ምን ሆኖ እንደነበር ከዚያ በኋላ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ደንበኛው የሚከፍለው ዛሬ እንዲያትምለት ብቻ አይደለም፤ ነገም እንዲያትምለት ነው። እኔ ሪሴት የማደርገው ገጿን አውጥቼ፣ አንብቤ፣ ሌላ የሚሞከር ነገር ሳጣ ብቻ ነው።

አዲስ ራውተር የገባበት ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ የቤት ፕሪንተር የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፤ 5 ጊጋኸርዙን አያየውም። ሁለቱ ስማቸው ተለይቶ ከሆነ ፕሪንተሩን 2.4ቱ ላይ፣ ላፕቶፑን 5ቱ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ራውተሩ አንድ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይገናኛሉ። የእንግዳ ተብሎ በተከፈተው ዋይፋይ የገባ ላፕቶፕ ግን ብዙ ጊዜ የቤቱን ፕሪንተር እንዳያይ ይታገዳል። ራውተሩ ደብልዩፒኤ3 ብቻ ተደርጎ ከሆነም የቆየ ፕሪንተር ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ እንኳ አይገባም፤ ወደ ደብልዩፒኤ2 ወይም ሁለቱንም ወደሚቀበለው መመለስ ነው።

ከአንድ ላፕቶፕ ብቻ ለሚያትም፣ ላፕቶፑም ፕሪንተሩም አንድ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጡበት ሰው ግን ዋይፋዩን ተወው እለዋለሁ። የፕሪንተር ኬብል ብሎ ይግዛ፤ ከ5 ሜትር የማይበልጥ ይሁን። ኬብሉ ሲሰካ ዊንዶውስ ያንኑ ፕሪንተር በሁለተኛ ስም ሊመዘግበው ስለሚችል፣ ሲያትም አዲሱን ስም መምረጥ፣ የድሮውን ደግሞ ከዝርዝሩ ማጥፋት ነው።