ማጽዳትና መፋቅ፤ ከመሬት ስለሚወጡት የአክሱም የመዳብ ሳንቲሞች

ሒስ ሲባል ብዙውን ጊዜ ትዝ የሚለን የልብ ወለድ፣ የግጥም ወይም የቴአትር ሒስ ነው። ይሁንና አንድ ኅብረተሰብ የኪነ ጥበብ ቅርሱን የሚይዝበት መንገድም ራሱ ሊመዘንና ሊተች የሚገባው ሥራ ነው። ቅርስ የሚያጸዳ ሰው የሌላውን ድርሰት እንደሚያርም አራሚ ይቆጠራልና፤ አንዲት ፊደል ቢያጠፋ ደራሲው ከመቃብር ተነሥቶ አይሞግተውም። በዚህ ጽሑፍ የምተቸው ከመሬት የወጣች የመዳብ ሳንቲም በአንድ እጁ፣ ሎሚና አመድ በሌላ እጁ ይዞ የተቀመጠውን አራሚ ነው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ በአክሱም አካባቢ የሚኖር አንድ ወዳጄ፣ ማሳ ሲታረስ የተገኘች፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ አረንጓዴ ነገር ሰጠኝ። ፊደል ያለባት መስላ ስለ ታየችኝ ለማንበብ ቸኮልሁ። እናቴ ለበዓል የናስ ሰሐን የምትወለውልበትን ዘዴ አስታውሼ በሎሚ ዘፈዘፍኋት፤ በአመድም አሸኋት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አበራች። የንጉሡ ፊት ግን ጠፍቶ ነበር፤ ከፊደላቱም የሚለዩት ሦስት ብቻ ነበሩ። በጨርቁ ላይ ከአረንጓዴው እድፍ ጋር አንድ የሚብለጨለጭ ቅንጣት ተጣብቆ አየሁ። በማግሥቱ ሳንቲሟንና ጨርቁን ያሳየኋቸው አረጋዊ መምህር መነጽራቸውን አውልቀው፣ ‹‹ልጄ፣ አጸዳሃት ወይስ ፋቅሃት?›› አሉኝ። በጨርቁ ላይ የቀረው ወርቅ ነበር።

የጠፋው ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሳንቲሟን እንደ ድርሰት ማየት ያስፈልጋል። አክሱም ከ3ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ድረስ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ የራሷን ገንዘብ ትቀርጽ ነበር። በስሙ ካስቀረጹት ነገሥታት የመጀመሪያው እንዱቢስ ነው። ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ ወዲህ በጨረቃና በክብ ምልክት ፈንታ መስቀል ገባ። የወርቁ ሳንቲም በአብዛኛው በግሪክኛ የተጻፈ፣ ከባሕር ማዶው ነጋዴ ጋር የሚነጋገር ነበር። መዳቡ ግን የአገር ቤት ገበያ ገንዘብ ነው፤ የሚነጋገረውም ከሕዝቡ ጋር ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት መዳብ ላይ ‹‹ይህ አገሪቱን ደስ ያሰኝ›› የሚል የግሪክኛ ቃል ተቀረጸ። ከጊዜ በኋላ ግእዝ በመዳቡ ላይ ተስፋፋ፤ ከመጨረሻዎቹ አስቀራጭ ነገሥታት አንዱ የሆነው አርማሕም በመዳቡ ላይ ሕዝቡን ‹‹ፍሥሓ ለይኩን ለአሕዛብ›› ብሎ መረቀ። በእኔ አስተያየት፣ ገበያተኛው በመዳፉ ይዞት የሚዞር ከዚህ ያጠረ ድርሰት በአገራችን አልተጻፈም።

የአክሱም ቀራጮች በዚህ ሳያበቁ፣ በአንዳንዶቹ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ቀጭን የወርቅ ቅብ ያኖሩ ነበር። ለጨው መግዣ በምትሆን ሳንቲም ላይ ወርቅ መቀባት የሒሳብ ሥራ አይደለም፤ የጥበብ ሥራ ነው። ፊደሉም እንደ ወርቁ ስስ ነው። ብዙውን ጊዜ አናባቢ የለውም፤ አንባቢው የሚደገፈው በፊደሉ ቅርጽ ብቻ ነው። የ‹‹ሰ›› አናት ከተፋቀ ‹‹ለ›› መስሎ ይቀራል። የንጉሥ ስም በአንዲት ጭረት ሊለወጥ ይችላል።

ዝገቱስ ምንድን ነው? መዳብ በአፈር ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲቆይ ከእርጥበት፣ ከአየርና ከጨው ጋር ይዋሐዳል። ለብረቱ የሚቀርበው ንጣፍ ኩፕራይት የሚባለው ቀዩ ነው፤ በላዩ ማላካይት የሚባለው አረንጓዴ ይከተላል። ብዙ ሰው የሚስተው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የሳንቲሙ የጥንት ገጽ፣ ማለትም ቀራጩ የተወው መስመር፣ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከዝገቱ በታች ሳይሆን በዝገቱ ውስጥ ነው። ብረቱ ሲያልፍ መልኩን ለዝገቱ አውርሶታል። ሎሚና ኮምጣጤ ወራሹን ከእድፉ አይለዩም፤ ሁለቱንም በአንድነት ያሟሟሉ። ወርቁም መሠረቱ ሲሟሟ አብሮ ይረግፋል።

ይህን ስል ግን ዝገት ሁሉ ይከበር ማለቴ አይደለም። የክሎራይድ ጨው ወደ ብረቱ ዘልቆ ከሆነ፣ ሳንቲሙ ከመሬት ወጥቶ አየርና እርጥበት ባገኘ ጊዜ ባለሙያዎች የነሐስ በሽታ የሚሉት ይነሣል። ዱቄት የመሰለ ፈዛዛ አረንጓዴ ነገር እዚህም እዚያም ይታያል፤ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱ ብረቱን ይበላል፤ የተበላውም ያንኑ በሽታ መልሶ ይመግባል። ስለሆነም ‹‹እንዳለ ይቀመጥ›› የሚለውም ወገን ትክክል አይደለም። አንዱ ድርሰቱን በችኮላ ይፍቀዋል፤ ሌላው በምስጥ ያስበላዋል።

የሠለጠነ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከመታጠቢያው ሳይሆን ከመዝገቡ ነው። ሳንቲሟ የተገኘችበትን ቦታ ይጽፋል፤ ይመዝናታል፤ ሁለቱንም ገጽ ፎቶግራፍ ያነሣል። ከዚያም በማይክሮስኮፕ እያየ አፈሩን በለስላሳ ብሩሽና በእንጨት ስንጥር፣ ጠንካራውን ደግሞ በቀዶ ጥገና ምላጭ ጫፍ ቅንጣት በቅንጣት ያነሣል። ጨዉን ለማውጣት በተጣራ ውኃ መዘፍዘፍ ካስፈለገ፣ ውኃው እየተለወጠ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተለመደው ቤንዞትራያዞል የተባለ ንጥረ ነገር በመዳቡ ላይ ስስ መከላከያ ያበጃል፤ ለጤና ጎጂ ስለሆነ ግን በየቤቱ የሚሞከር አይደለም። በመጨረሻም ወደ ፊት ሊነሣ የሚችል ሽፋን ይደረግላትና በደረቅ ሥፍራ ትቀመጣለች። የዚህ ሁሉ ጥበብ ያለው በመሣሪያው አይደለም፤ የት ላይ እንደሚቆም በማወቅ ነው። ፊደሉ ከታየ እጅ ይሰበሰባል።

እንግዲህ ሒሴ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? ሳንቲሙን ከማሳው ያነሣው ገበሬ ላይ አይደለም። እርሱ የሚፍቀው ገዢው የሚያበራ ነገር ስለሚወድ ነው። ጥፋቱ የብልጭታ ፍቅራችን ነው። የቤታችንን ሰሐን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን መስቀል ወልውለን ማክበር መልካም ልማድ ነው፤ አገልግሎታቸው በዛሬ ላይ ነውና። ከመሬት የወጣችው ሳንቲም ግን አገልግሎቷ ምስክርነት ነው። ምስክርን ፊቱን አጥበው፣ ልብሱን ለውጠው፣ ቃሉን ቆርጠው ወደ ችሎት አያቀርቡትም። በቴአትር ሙያዬም ይህንኑ በሽታ አውቀዋለሁ፤ አሮጌ ተውኔት ‹‹እናድስ›› ብለን ስንነሣ መጀመሪያ የምንሰርዘው እኛ ያልገባንን ቃል ነው። የብራና መጻሕፍትን የሚያውቅም ሰው፣ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ የተጻፈበትን ገጽ ሳያይ አልቀረም።

ሕጉ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ክፍል እንዲያሳውቅ፣ ጥገናም በፈቃድ እንዲካሄድ ያዛል። ይሁንና አዋጅ የጣዕምን ጉድለት ብቻውን አያቃናም። ሕፃናት በትምህርት ቤት የአክሱምን ሐውልት ቁመት እንደሚያጠኑ ሁሉ፣ ከአፈር የወጣች ሳንቲም እንደማትታሽም ቢማሩ፣ ሙዚየሞቻችንም ከተጸዳችው ጎን የተፋቀችውን አስቀምጠው ልዩነቱን ቢያሳዩ፣ ብዙ ፊደል ይተርፋል።

ያቺ ሳንቲም ዛሬ በእጄ የለችም። መምህሬ እንዳዘዙኝ ከነጨርቁ ለሚመለከተው ክፍል አስረክቤአታለሁ። ሦስቱን ፊደላት እስከ ዛሬ አስታውሳቸዋለሁ፤ ከእነርሱ ግን የማን ስም፣ የምንስ ምርቃት እንደ ነበረ ሊታወቅ አልተቻለም። ከሺህ ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ሳይጠፋ የቆየውን ቃል፣ እኔ በግማሽ ሰዓት አጠፋሁት።