የስድብ ፊልምና መልሱ

ሰውን በዘሩ የሚያዋርድ አሮጌ ፊልም ለሕዝብ ይታይ ወይስ ተቆልፎ ይቀመጥ የሚለው ክርክር በአሜሪካ አገር ከተነሣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ክርክሩን ከሁሉ ይልቅ ያቀጣጠለው ዴቪድ ግሪፊዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915 ዓመት ያወጣው «የሕዝብ ልደት» የተባለው ፊልም ነው።

በዚህ ፊልም አንድ ነጭ ተዋናይ ፊቱን ጥቁር ተቀብቶ፥ ጥቁር ሰው መስሎ አንዲት ነጭ ልጃገረድ ያሳድዳል፤ እርስዋም ከእጁ ለማምለጥ ራሷን ከገደል ወርውራ ትሞታለች። ኩ ክሉክስ ክላን የተባለው ማኅበር ግን እንደ አዳኝ ሆኖ ይቀርባል። የሥዕሉ አሠራር ብልሃት የተመላበት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ብልሃቱ መርዙን አጣፈጠው እንጂ አላጠፋውም። ፈርሶ የነበረው ያ ማኅበር በዚያው ዓመት እንደ ገና ተቋቋመ፤ በኋላም አባል ለመሰብሰብ በፊልሙ ተጠቀመበት። ስለዚህ ለጥቁሮች መብት የሚሟገቱ ሰዎች ፊልሙ ይከልከል ብለው መጮኻቸው በከንቱ አልነበረም።

ሆኖም የክልከላ እጅ የሚመታውን አይመርጥም። ኦስካር ሚሾ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በ1920 «በደጆቻችን ውስጥ» የተባለውን ፊልም አወጣ። በዚህ ነገሩ ተገልብጦ ይታያል፤ አሳዳጁ ነጭ፥ የምትጠቃውም ጥቁር አስተማሪ ናት፤ ያሳደጓትም ሰዎች ያለ ፍርድ ይሰቀላሉ። የቺካጎ የፊልም መርማሪዎች ግን፥ በ1919 በከተማቸው ስለ ደረሰው የዘር ሁከት ፈርተው፥ በመጀመሪያ ይህን ፊልም አናሳይም አሉ። እንዲህም ሆኖ የሰዳቢውን አፍ እንዲዘጋ የተለመነው ሥልጣን የተሰዳቢውንም አፍ ዘጋ። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ኖረ፤ በ1970ዎቹ ዓመታት አንድ ቅጂ በስፔይን ተገኘ።

ዛሬ የሚሾን ሥራ አይቶ የግሪፊዝን የማያውቅ ሰው መልሱን ሰምቶ ጥያቄውን ያልሰማ ነው። የግሪፊዝን ፊልም ለመዝናኛ ብቻ ማሳየት ቁስል መነካካት ነው፤ ቆልፎ ማስቀመጥም የበደሉን ማስረጃ መሰወር ነው። የተሰደበው ወገን ስድቡን ተገዶ ይመልከት የሚል ፍርድ አይገባም፤ ሊመረምር የሚወድ ግን ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን፥ ታሪኩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እያስረዳው ቢያይ ይጠቀማል። ንባቡ ሲከብድ ትርጓሜ ይጨመርበታል እንጂ ብራናው አይቀደድም።