«ቢያንስ ሁለት»፦ ስለ አንድ ትልቅ ምደባና ስላልነካው ጥያቄ

ኢስትቫን ሄከንበርገርና ሊያንድሮ ቬንድራሚን በ2017 በአውሮፓ የሒሳብ ማኅበር ጆርናል ላይ ያወጡትን የኒኮልስ አልጀብራዎች ምደባ የምታነቡ ከሆነ፣ ማጠቃለያው ላይ ያሉትን ሁለት ተራ ቃላት እንዳታልፏቸው፦ «ቢያንስ ሁለት»።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሀ፣ ለ፣ መ የሚባሉ ሦስት ፊደሎች ያዙ። እያንዳንዱ ከሦስት ዕቃዎች መካከል የሁለቱን ቦታ ያቀያይራል። አሁን ፊደሎቹ ራሳቸው ሲተላለፉ ዝም ብለው አይተላለፉም፦ ሀ ለን ሲያልፈው ለ ወደ መ ይለወጣል፣ የመቀነስ ምልክትም ይጨመራል። ዋረን ኒኮልስ በ1978 ያቀረበው ግንባታ እንዲህ ካለ የመተላለፍ ሕግ ተነስቶ አልጀብራ ይሠራል፤ ሕጉ ዜሮ የሚያደርገውን ሁሉ ይጥላል። እዚህ ሀሀ፣ ለለና መመ ዜሮ ይሆናሉ፤ ሀለ + ለመ + መሀ ዜሮ ነው፤ ለሀ + መለ + ሀመም እንደዚያው። የቀረውን በርዝመት ስትቆጥሩት 1፣ 3፣ 4፣ 3፣ 1፣ በድምሩ 12 ይሆናል፤ እዚያ ላይ ያበቃል። የመቀነሱን ምልክት ወደ መደመር ብትቀይሩት ግን ሀሀ፣ ሀሀሀ እያለ ማቆሚያ የለውም።

ታዲያ መቼ ነው የሚያበቃው? ሆፕፍ አልጀብራዎችን ለመመደብ የሚደክሙ ሰዎች ይህን ሳይመልሱ ብዙ ርቀት አይሄዱም።

የ2017ቱ ሥራ የተዋጣለት ነው። ቅደም ተከተል ለውጥ በሚያመጣባቸው፣ ማለትም ኖን-አቤሊያን በሆኑ ግሩፖች ላይ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ የማይከፈሉ ክፍሎች ተያይዘው ሲመጡ መልሱን በዲንኪን ሥዕል መሰል ሥዕሎች አስቀምጦ ልኬታቸውንም ያሰላል። መሣሪያው የቫይል ግሩፖይድ ነው፤ አንዱን ክፍል በሌላው ላይ ያንጸባርቃል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነ መስተዋቱ ፊት የሚቆም የለም።

«አንድ ክፍልማ ቀላሉ ጉዳይ አይደል?» ትሉ ይሆናል። በአቤሊያን ግሩፖች ላይ አዎ፤ አንድ ክፍል ማለት አንድ ፊደል ነው፣ መልሱም በአንድ መስመር ያልቃል። በኖን-አቤሊያን ላይ ግን አንዱ ክፍል ራሱ ብዙ ፊደል ይይዛል። ከላይ ያየነው ባለ 12ቱ አልጀብራ እኮ አንድ ክፍል ነው! ስለዚህ ምደባው ያልነካው ኖን-አቤሊያኑን ልዩ የሚያደርገውን ቦታ ነው። ደራሲዎቹ ወሰኑን በግልጽ አስቀምጠዋል፤ የእኔ ቅሬታ «ኖን-አቤሊያኑ ተዘጋ» ብሎ ከሚያነበው ጋር ነው።

ለምን ያሳስባል? ሰርጌይ ፎሚንና አናቶል ኪሪሎቭ በ1999 በሌላ መንገድ፣ ከሹበርት ካልኩለስ ተነስተው፣ ወደዚሁ ቤተሰብ ደርሰው ነበር። በሦስት ዕቃዎች 12፣ በአራት 576፣ በአምስት 8,294,400። አሁን በትኗቸው፦ የመጀመሪያው 2²·3፣ ሁለተኛው 2²·3²·4²፣ ሦስተኛው 4⁴·5²·6⁴። በርዝመት የተቆጠረውም ልክ እንዲሁ ይበተናል። ከሥር ሲስተም የሚወጣ ብዜት ይመስላል፤ አንድ ክፍል ብቻ ባለበት ግን ያንን ብዜት የሚሰጥ ሥር ሲስተም በእጃችን የለም። ባለ አምስቱን ቁጥር ያገኘነው በኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተሩም 4⁴·5²·6⁴ ለምን እንደሆነ አይነግረንም።