ባዶ የመሰለው ቻናል 3

«ጋሼ፣ ቻናል 3 ላይ ማንም የለም። ለምን እዚያ አንገባም?»

ጠያቂው ሥራውን ከጀመረ ገና ብዙ ያልቆየ ወጣት ነው። ስልኩ ላይ የከፈተው መተግበሪያ በዙሪያው ያሉትን ዋይፋዮች በባለቀለም ጉብታ ያሳያል። 1 ላይ ጉብታው ተደራርቧል፤ 6 እና 11 ላይም እንደዚያው። 3 ላይ አንድም የለም። አርባዎቹን ያጋመሰው ቴክኒሻን፣ የአዲስ አበባን ኮንዶሚኒየሞች ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የኖረው ጋሼ፣ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። በዚህ ጉዳይ አሳጥሮ መናገር አይሆንለትም።

በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የቻናሎቹ መሃል የሚራራቀው በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ አንዱ ቻናል ግን 20 ያህል ይሰፋል። የ1 መሃል 2412 ነው፣ የ3 2422፣ የ6 2437። ስለዚህ 3 ላይ የተቀመጠ ራውተር ከ1 ግማሽ ያህሉን ከ6 ደግሞ ሩቡን ይሻማል። መተግበሪያው ባዶ ያለው ቦታ ሁለት ወገን የሚሻማበት ነው።

ወጣቱ ግን በቀላሉ የሚረታ አልነበረም። «1 ላይ ብንገባስ ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን እንጋራ የለ?»

እንጋራለን፣ ይሻላልም፤ የጋሼ መልስ ይኸው ነው። ዋይፋይ ከመላኩ በፊት ያዳምጣል። በራሱ ቻናል ላይ የጎረቤቱን ፓኬት መነሻ ለይቶ ካነበበ፣ ሲግናሉ ከአንድ ሚሊዋት በ82 ዴሲቤል ቢያንስ እንኳ ዝም ማለት ግዴታው ነው። የሰማው ነገር የማይነበብ ጩኸት ብቻ ከሆነ ግን፣ ዝም የሚለው ጩኸቱ እስከ 62 ዴሲቤል ዝቅታ ድረስ ሲጠነክር ነው። የ20 ዴሲቤል ልዩነት የ100 እጥፍ ጉልበት ልዩነት ማለት ነው። ቻናል 3 ላይ ያለው ራውተር የ1ን ፓኬቶች ማንበብ አይችልም፤ የ1 ሰዎችም የእሱን። ከእድር ስብሰባ ውጭ መስኮቱ ሥር ቆሞ እንደሚያወራ ሰው ነው፤ ተራ አይጠብቅም፣ ድምፁ ግን ይገባል።

ጉዳቱ የሚከፋው ዋይፋይ ግጭትን እያየ ማቆም ስለማይችል ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው የእነ ኖርማን አብራምሰን አሎሃኔት ሳያዳምጥ የሚልክ የሬዲዮ መረብ ነበር፤ በስሌት ቢበዛ ከአየሩ 18 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው በጥቅም ላይ ማዋል የሚችለው። ከእሱ የተማረው ሮበርት ሜትካፍ በ1973 ዜሮክስ ውስጥ ኢተርኔትን ሲጀምር ነገሩን በኬብል አሻሻለው፤ እየላኩ ማዳመጥ፣ ግጭት ሲሰማ ወዲያው ማቆም። አንቴና ላይ ይህ አይሠራም። ራውተሩ የሚልከው 100 ሚሊዋት፣ ከስልክ ከሚደርሰው ደህና ሲግናል በቢሊዮን እጥፍ ሊበልጥ ስለሚችል የራሱ ድምፅ ጆሮውን ይደፍነዋል። ያለው ማረጋገጫ ከፓኬቱ በኋላ በ10 ማይክሮሰከንድ የሚመጣው «ደርሶኛል» የሚል አጭር መልስ ብቻ ነው። መልሱ ካልመጣ ፓኬቱ እንደጠፋ ይቆጠራል።

ከዚያ ዕጣ ነው። መሣሪያው ከ0 እስከ 15 አንድ ቁጥር ያወጣል፤ አየሩ ጭር ባለ ቁጥር በየ9 ማይክሮሰከንዱ አንድ እየቀነሰ ይቆጥራል። ፓኬቱ ከጠፋበት ጣሪያው 31፣ ቀጥሎ 63 እያለ እስከ 1023 ይወጣል። ጋሼ የሚወዳት ነገር አለች፦ በመሃል ሌላ ሰው መላክ ከጀመረ ቁጥሩ ባለበት ይቆማል እንጂ ከአዲስ አይጀምርም። የጠበቀው ጥበቃ አይቃጠልበትም።

ቻናል 3 ይህን ሥርዓት ነው የሚያፈርሰው።

አንዲት እናት ማታ ማታ ሜሪላንድ ካለ ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ያወራሉ። ከጋሼ በፊት የመጣ ባለሙያ ራውተራቸውን፣ እንደ 3 ሁሉ በ1 እና በ6 መካከል ባለው ቻናል 4 ላይ አስቀምጦላቸው ሄዷል። ረፋድ ላይ ሲሞከር ምንም አይለው፤ ጎረቤት ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ማታ ግን የልጅየው ፊት ይደርቃል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ጋሼ ማታ ሄዶ፣ ስንት ፓኬት በድጋሚ እንደተላከ የሚያሳየውን ቁጥር ጥቂት ተመልክቶ ራውተሩን ወደ 1 መለሰው። «ልጄ፣ እዚያው ግርግር ውስጥ መለስከኝ እንዴ?» አሉት። ጥሪው ግን ከዚያ ወዲያ አልተቆራረጠም።

ለቻናል 3 የሚከራከሩት ሞኞች አይደሉም። ቻናል 1 ላይ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚልክ አሮጌ ስልክ ካለ፣ አንድ 1500 ባይት ፓኬት ለመላክ 12 ሚሊሰከንድ አየሩን ይዞ ሌላውን ሁሉ ያስጠብቃል ይላሉ፤ ልክ ነው። የጋሼ መልስ፣ በራስ ራውተር ላይ ዝቅተኛ ፍጥነቶችን መዝጋት የሚል ነው። ለጎረቤት ስልክ ግን መድኃኒት የለውም፤ ይህን ሲነግሩት ወሬ ይቀይራል። የራውተሩን ጉልበት እንጨምር ለሚሉት ደግሞ ትዕግሥት የለውም፤ ራውተሩ ቢጮህ የስልኩ ድምፅ አይጨምርም።

ወደዚህ ሙያ የገባው ከኬብል ነው። የተበጠሰ ሽቦ በመሞከሪያ ይገኛል፣ ይቀጠላል፣ አለቀ። አየሩ ግን የሰውን ውሎ እንዲያውቅ አስገደደው። ብዙዎቹን ነዋሪዎች በመልክ አያውቃቸውም፤ የዋይፋይ ስማቸው ሲወጣና ሲጠፋ፣ ማን አምሽቶ እንደሚገባ፣ ኳስ ያለ ዕለት የትኛው ፎቅ እንደሚጨናነቅ ያውቃል። ለዚህም ነው በጠዋት ተለክቶ የተሠራ ዋይፋይ የማያምነው።

5 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናሎቹ በ20 ሜጋኸርዝ ስለሚራራቁ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ የለም። በ2.4 ለቀሩት ግን ከ1፣ ከ6 እና ከ11 አንዱን መምረጥ ብቻውን አይበቃም። ራውተራችሁ ውስጥ የቻናል ስፋት የሚለውን ፈልጉና 40 ከሆነ ወደ 20 አውርዱት፤ 40 በ2.4 ላይ ካለው 83.5 ሜጋኸርዝ ግማሽ ያህሉን ለአንድ ቤት ይወስዳል።