አንድነትና ዋስ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ቃል እውነት ነው፤ ነገር ግን ድሩ ካበረ በኋላ እንዳይበጠስ ማን እንደሚጠብቀው አይነግረንም። ይኸው ጉድለት የጋናው መሪ ክዋሜ ንክሩማ በ1955 ዓ.ም. ባሳተሙት «አፍሪካ አንድ መሆን አለባት» በተባለው መጽሐፍ ይታየኛል።

መጽሐፉን የሚሲዮን አስተማሪዎቼ ባስተማሩኝ እንግሊዝኛ አነበብሁት። ከቅኝ ግዛት የወጡ አገሮች ተለያይተው ከቀሩ ባንዲራ እንጂ ኃይል አይኖራቸውም፤ ስለዚህ ኢኮኖሚያቸውን፥ መከላከያቸውንና የውጭ ጉዳያቸውን የሚመራ አንድ የጋራ መንግሥት ያቁሙ ይላል። ደራሲው የሚናገሩት ከልብ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የጸናው የጋና ሕገ መንግሥት እንኳ ለአፍሪካ አንድነት ሲባል ሉዓላዊነትን ለመልቀቅ ይፈቅድ ነበር። በአዲስ አበባው ጉባኤ ግን የታንጋኒካው ጁሊየስ ኔሬሬና ሌሎችም ቀስ በቀስ ይሁን አሉ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተፈረመውም ቻርተር ድርጅትን እንጂ መንግሥትን አላቆመም።

በ1970ዎቹ ደብረ ማርቆስ ሳስተምር ይህንኑ ክርክር ለተማሪዎቼ ሰጠሁ። የንክሩማን ወገን የያዙት በአንደበት በለጡ፤ እኔም ፈረድሁላቸው። ከገበሬ ቤት የመጣ አንድ ልጅ ግን ብድግ ብሎ፥ «መምህር፥ የጋራው መንግሥት የገባውን ቃል ቢያፈርስ ማን ዘንድ አቤት ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ከርእሱ አትውጣ» ብዬ አስቀመጥሁት። እውነቱን ለመናገር ግን ልጁ ከርእሱ አልወጣም፤ እኔ ፈርቼ ነው።

የፈራሁት መልሱ ከቤታችን ስለ ነበረ ነው። የጣልያን ቅኝ ግዛት የነበረችው ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች። የራሷ ሕገ መንግሥት፥ ምክር ቤትና ባንዲራ ነበራት። ውሉ ግን እየተሸረሸረ ሄዶ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፈረሰ። ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ የአፍሪካ አንድነት ጉባኤ ያስተናገደው ይኸው የኛ መንግሥት ነበረ። በ1953 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት እስከ 1983 ዓ.ም. ቀጠለ፤ ከተማሪዎቼም ወደዚያ ዘምተው ያልተመለሱ አሉ። በ1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ተለያየን።

ንክሩማ በላይኛው ምክር ቤት ትንሹ አገር ከትልቁ እኩል ወኪል እንዲኖረው አስበዋል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ወንበር ዋስ አይሆንም። ኤርትራም የምክር ቤት ወንበር ነበራት፥ ወንበሩም አላዳናትም። በአንጻሩ ዛንዚባር ከታንጋኒካ ጋር በ1956 ዓ.ም. ስትዋሐድ የራሷን መንግሥት ይዛ ቀረች፤ ቅሬታ ባይታጣም ውላቸው እስከ ዛሬ አለ።

ኔሬሬና ንክሩማ የተከራከሩት በፍጥነቱ ነው። የኛ ገበሬ ግን በሬ ሲሸጥ እንኳ መጀመሪያ «ዋስህ ማነው?» ይላል። እናንተም ወጣቶች፥ ስለ አንድነት የሚሰብክ ሰው ስትሰሙ ከማጨብጨባችሁ በፊት ይህንኑ ጠይቁ። ያን ልጅ እንዳስቀመጥሁት የሚያስቀምጣችሁ መምህር ቢያጋጥማችሁ፥ እንደገና ተነሡ።